በሁለት ሥዕሎች መካከል፤ የቆመን ሥዕል የማንቀሳቀስ ጥበብ አጭር ታሪክ

መግቢያ

አንድ የቆመ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ለኮምፒዩተር ተሰጥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲራመድ፣ ሲዞርና ሲስቅ ማየት በዘመናችን የተለመደ ነገር ሆኗል። ይህን የሚሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ ነው። ብዙ ሰው ነገሩን ትናንት እንደ ተወለደ ተአምር ይቈጥረዋል፤ ውጤቱ ሲያምር ያደንቃል፤ እጅ ስድስተኛ ጣት ሲያበቅል ወይም ፊት እንደ ሰም ሲቀልጥ ደግሞ መሣሪያውን ይወቅሳል። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው ግን ጥበቡ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ያለው መሆኑን፣ ታሪኩም ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ መሆኑን ነው። ጥያቄውም «በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው ሥዕል መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ማን ይሞላዋል?» የሚል ነው።

አስተያየታችን በአጭሩ ይህ ነው። መካከሉን የሚሞላው ኀይል በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ በመጀመሪያ የተመልካች ዓይንና አእምሮ፣ ቀጥሎ የሠዓሊ እጅ፣ ከዚያም የኮምፒዩተር ስሌት፣ ዛሬ ደግሞ ከብዙ ፊልም የተማረ የኮምፒዩተር ግምት ሆኗል። በየዘመኑ መልካም ሥራ የወጣው ግን ሠሪው ጫፎቹን ራሱ አጥብቆ ሲይዝና መካከሉን ለሚሞላው ልክ ሲያበጅለት ነው። ይህ ለቪዲዮ ሠሪ የሥራ ምክር ነው፤ ለታሪክ ተማሪ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር አለበት፤ እርሱን በመጨረሻ እንመለስበታለን።

አንባቢ እንዳይቸገር፣ እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. መካከሉን ዓይን የሞላበት ዘመን

በ1832 ዓ.ም. ቤልጂየማዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ፕላቶ ፌናኪስቲስኮፕ የተባለ መሣሪያ ሠራ። በዚያው ጊዜ ገደማ ሲሞን ሽታምፕፈር የተባለ ሌላ ሊቅ በቪየና ከተማ ለብቻው ተመሳሳይ ነገር አውጥቶ ነበር። መሣሪያው ክብ ሰሌዳ ነው። በዙሪያው አንድን ድርጊት፣ ለምሳሌ ዝላይን፣ ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩ ጥቂት ሥዕሎች ተሥለውበታል፤ ጠባብ ጠባብ ቀዳዳዎችም ተበጅተውለታል። ሰሌዳውን በመስተዋት ፊት እያሽከረከረ በቀዳዳዎቹ በኩል የሚመለከት ሰው፣ የተሣለው ሰው ሲዘል ያያል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቀዳዳዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ሥዕሎቹ ተደባልቀው ብዥ ያለ ክብ መስመር ብቻ ይሆኑ ነበር። ዓይን አንዱን ሥዕል ለቅጽበት አይቶ ለአፍታ እንዲጋረድ፣ ከዚያ ሌላውን እንዲያይ ያደረጉት ቀዳዳዎቹ ናቸው። ስለዚህ ለእንቅስቃሴው ሥዕሎቹ ብቻ ሳይሆኑ በመካከላቸው ያለው ጨለማም አስፈላጊ ነበር። የቀድሞ መጻሕፍት ይህን ሲያስረዱ ምስሉ በዓይን ውስጥ ጥቂት ስለሚቈይ ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን ማክስ ቬርትሃይመር በ1912 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ ተራ በተራ ብልጭ የሚሉ ሁለት የቆሙ መስመሮችን የሚያይ ሰው አንድ መስመር ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ እንደሚታየው አስረዳ። እንቅስቃሴው በሥዕሎቹ ላይ የለም፤ የተመልካቹ አእምሮ የጨመረው ነው።

ከዚህ በኋላ ፈረንሳዊው ኤሚል ሬኖ በ1877 ዓ.ም. ፕራክሲኖስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ ጥቅምት 28 ቀን 1892 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ ግሬቫን ሙዚየም በእጅ የተቀቡ ሥዕሎቹን በመጋረጃ ላይ ለሕዝብ አሳየ። ይህም የሉሚዬር ወንድማማቾች ፊልማቸውን በፓሪስ ለከፋይ ተመልካች ካሳዩበት ከታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ይቀድማል። ሬኖ «ምስኪኑ ፒየሮ» ለተባለው ሥራው ያዘጋጃቸው ሥዕሎች 500 ያህል ነበሩ፤ ትርኢቱ ግን ወደ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ሬኖ መሣሪያውን በገዛ እጁ እያዞረ፣ አንዳንዴ እያዘገመ፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ እየመለሰና እየደጋገመ ስለሚያሳይ ጥቂቱ ሥዕል ለብዙ ጊዜ በቃው። ፍጥነቱን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን ሰውየው ነበር።

በዚሁ ዘመን የሚታወሰው ሌላው ሰው ኤድዋርድ ማይብሪጅ ነው። በ1878 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በሌላንድ ስታንፎርድ ርስት ላይ 12 ካሜራዎች በተርታ አቁሞ የሚጋልብ ፈረስ አነሣ፤ አራቱም እግሮች ባንድ ጊዜ ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት መኖሩን በፎቶግራፍ አረጋገጠ። ይህ እውነተኛ ማስረጃ ነው። ይሁን እንጂ በ1879 ዓ.ም. በሠራው ዙፕራክሲስኮፕ በተባለው መሣሪያ ፈረሱን ሲያስጋልብ፣ በመስተዋት ሰሌዳው ላይ የነበሩት ፎቶግራፎቹ ሳይሆኑ ከፎቶግራፎቹ የተገለበጡ የእጅ ሥዕሎች ነበሩ። ከዚህም በላይ መሣሪያው ሲያሳይ ምስሉን ስለሚያጠበው ፈረሶቹ ሆን ተብሎ ረዘም ተደርገው ይሣሉ ነበር። እንግዲህ ማስረጃ ሆኖ የቀረው የቆመው ፎቶግራፍ ነው፤ የተንቀሳቀሰው ግን ከማስረጃው የተቀዳና ለዓይን እንዲመች የተስተካከለ ሥራ ነበር። ይህን ልዩነት አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልን እንለምናለን።

ለ. መካከሉን እጅ የሞላበት ዘመን

በ1908 ዓ.ም. ኤሚል ኮል «ፋንታስማጎሪ» የተባለውን ፊልሙን ወደ 700 በሚጠጉ ሥዕሎች ሠራ፤ ፊልሙም ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ዊንዘር ማኬይ ጌርቲ የተባለችውን ዳይኖሰር በሺህ በሚቈጠሩ ሥዕሎች አንቀሳቀሳት። ማኬይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥዕል በተራ እየሣለ መሄድ እንቅስቃሴውን ከመንገድ እንደሚያስወጣው ተረዳ። ስለዚህ በመጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን አቋቋሞች ሣለ፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ቀጥሎም የዚያን መካከል እየከፋፈለ ሞላ። ኋላ በዓለም ያሉ የአኒሜሽን ቤቶች የሠሩበት መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው።

በ1914 ዓ.ም. ኧርል ሀርድ ተንቀሳቃሹን አካል በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ለብቻው መሣልና የኋላውን ትዕይንት እንደ ቆመ መተው የሚቻልበትን ዘዴ አወጣ። ከዚህ በኋላ ሥራው ተከፋፈለ። አንጋፋው ሠዓሊ የዋናዎቹን ቦታዎች ሥዕል ብቻ ይሥላል፤ የመካከሉን የሚሞሉት ወጣት ሠዓሊዎች ናቸው። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕል ያሳያል፤ ይህም በደቂቃ 1440 ማለት ነው፤ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ በመጠቀም ቢቈጠብ እንኳ በደቂቃ 720 ሥዕል ያስፈልጋል። በ1937 ዓ.ም. የታየው የዲዝኒ «ስኖው ኋይት» የዚህ የሥራ ክፍፍል ታላቅ ፍሬ ነው።

የመካከሉ ሠዓሊ ግን እንዳሻው አይሥልም ነበር። አንጋፋው ሠዓሊ በወረቀቱ ዳር ላይ አንዲት መስመር አስምሮ በላይዋ ምልክት ያደርግ ነበር። ምልክቶቹ የመካከሉ ሥዕሎች ከመነሻው ወይም ከመድረሻው ምን ያህል መቅረብ እንዳለባቸው ይነግራሉ። ሥዕሎቹ በሁለቱ ጫፎች አጠገብ ከተጠጋጉ እንቅስቃሴው በቀስታ ተነሥቶ በቀስታ ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰውም ነገር ክብደት ያለው ይመስላል። እኩል ተራርቀው ከተሣሉ ግን ሕይወት የሌለው ማሽን ይመስላል። ያቺ በወረቀት ዳር ያለች መስመር የባለቤቱ ሐሳብ ወደ ረዳቱ እጅ የምትተላለፍባት መንገድ ነበረች።

ሐ. ሥዕሉ ቆሞ ካሜራው የሄደበት መንገድ

ከእጅ ሥዕል ጎን ለጎን ፎቶግራፍን ራሱን ሳይነኩ ሕይወት የመስጠት ሌላ መንገድ ነበረ። በ1957 ዓ.ም. የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ «የወርቅ ከተማ» የተባለ አጭር ፊልም አወጣ። ኮሊን ሎው እና ዎልፍ ኬኒግ ያዘጋጁት ይህ ፊልም፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወርቅ ፈላጊዎች የጎረፉባትን የዶሰንን ከተማ ታሪክ በአሮጌ ፎቶግራፎች ይተርካል። ካሜራው በፎቶግራፉ ላይ በቀስታ ይንሸራሸራል፤ ከሕዝቡ ወደ አንድ ፊት ይጠጋል፤ ከዚያም ይርቃል። አሜሪካዊው የታሪክ ፊልም ሠሪ ኬን በርንስ ኋላ ስሙ የተጠራበትን ዘዴ የቀሰመው ከዚህ ፊልም መሆኑን ራሱ ተናግሯል።

በ1962 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር «ላ ዠቴ» የተባለውን ፊልሙን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከቆሙ ፎቶግራፎች ሠራ። በፊልሙ ውስጥ አንድ አጭር ቅጽበት ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የተኛችው ሴት ዓይኗን ትገልጣለች። ተመልካቹን የሚያስደነግጠው የእንቅስቃሴው ብዛት ሳይሆን ማነሱ ነው። ሁሉም ነገር ቢንቀሳቀስ ኖሮ የዚያች ሴት ዓይን መገለጥ ባልታወቀም ነበር።

መ. የስሌት ዘመን

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኔስቶር ቡርትኒክና ማርሴሊ ዋይን በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ የመካከሉን ሥዕል በኮምፒዩተር የሚሞላ ዘዴ ሠሩ። ሠዓሊው መነሻውንና መድረሻውን ይሥላል፤ ኮምፒዩተሩ የአንዱን መስመር ወደ ሌላው መስመር ደረጃ በደረጃ ይለውጣል። በዚህ ዘዴ ፒተር ፎልዴስ በ1974 ዓ.ም. «ረኀብ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ኮምፒዩተሩ ስለ አጥንትና ስለ ጡንቻ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ አንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የሚሄደው እየቀለጠ ነበር። ፎልዴስ ግን ይህን ጉድለት በብልኀት ተጠቀመበት፤ ፊልሙ ስለ ሆዳምነት የሚናገር ስለሆነ የሰው ገላ ሲያብጥና ሲቀልጥ መታየቱ ለታሪኩ ተስማሚ ሆነ። መሣሪያው የማይችለውን ከመጠየቅ ይልቅ ለሚችለው የሚስማማ ታሪክ መረጠ ማለት ነው።

ሠ. የግምት ዘመን

የዛሬው ዘዴ ከዚህ የሚለየው መካከሉን በቀጥታ ስሌት ሳይሆን በተማረው ልምድ ስለሚሞላ ነው። በ2019 ዓ.ም. በሞስኮ የሚገኘው የሳምሰንግ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ከአንድ ሥዕል ብቻ ተነሥተው የሞና ሊዛን ፊት ሲናገር አሳዩ። እንቅስቃሴው የተወሰደው ከሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ቪዲዮ ነበር፤ በዚህም ምክንያት አንዲቱ ሴት ሦስት ዐይነት ጠባይ ያላት መሰለች። በየካቲት 2021 ዓ.ም. ማይሄሪቴጅ የተባለው የዘር ሐረግ ድርጅት የቤተሰብ ፎቶግራፍን ዓይን የሚያርገበግብና የሚያስፈግግ አገልግሎት ለሕዝብ አቀረበ። በዚያም እንቅስቃሴው የመጣው አስቀድሞ ከተቀረጹ የሌሎች ሰዎች ቪዲዮዎች ነበር።

ከዚያ ወዲህ የገነነው ዲፊዩዥን የሚባለው ዘዴ ነው። አሠራሩ በቀላል አነጋገር እንዲህ ነው። ጥርት ያለ ፊልም ይወሰድና ትርጉም በሌለው ነጠብጣብ ቀስ በቀስ ይበከላል፤ ኮምፒዩተሩም ነጠብጣቡን ጠርጎ ጥርት ያለውን መልሶ ማውጣት ይማራል። ይህን በብዙ ፊልም ላይ ከደጋገመ በኋላ፣ የቆመ ሥዕልና የጽሑፍ ትእዛዝ መሪ ሆነውት፣ ከነጠብጣብ ተነሥቶ ያልነበረ ፊልም ያወጣል። ስታቢሊቲ ኤአይ የተባለው ድርጅት በኅዳር 2023 ዓ.ም. ያወጣው የዚህ ዐይነት መሣሪያ በሁለት መልክ የቀረበ ሲሆን፣ አንዱ ከአንድ ሥዕል 14፣ ሁለተኛው 25 ሥዕል ይሠራ ነበር፤ በፊልም ፍጥነት ቢታይ አንድ ሰከንድ ያህል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት ርዝመቱን ወደ ብዙ ሰከንድ አሳድገውታል።

ጣት የሚበዛውና ፊት የሚቀልጠውም ከዚሁ ጠባዩ የተነሣ ነው። መሣሪያው «እጅ አምስት ጣት አለው» ብሎ አይቈጥርም፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚመስል ብቻ ይገምታል። ከመነሻው ሥዕል በራቀ ቍጥር ግምቱ እየላላ ይሄዳል። ለዚህ የተገኘው መድኀኒት ማኬይ በ1914 ዓ.ም. የተጠቀመበት መሆኑ የሚገርም ነው፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከመነሻው ሥዕል ሌላ የመድረሻውንም ሥዕል መቀበል ጀመሩ። ጫፎቹ ወደ ሰውየው እጅ ተመለሱ።

ረ. ከታሪኩ የሚገኝ የሥራ ትምህርት

ከላይ የተባለውን ለመፈተን ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር ጥቂት ሙከራ አድርጌ ነበር። ፎቶግራፉ አንዲት ሴት በረከቦት ፊት ተቀምጣ ጀበና ስታነሣ ያሳያል። በመጀመሪያ «ቡና ትቅዳ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ሰጠሁ። ሲኒዎቹ በዙ፤ የጀበናው እጀታ ወደ ሌላው ጎን ተዛወረ፤ ቡናው እየወረደ ሲኒው አልሞላም። መሣሪያው ጀበና ምን እንደሆነ በደንብ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ ዕቃውን በስሙ ሳይሆን በመልኩ ገለጥሁ፤ አንገቱ ረዥም የሆነ ጥቁር የሸክላ ማፍሊያ አልሁት። ካሜራው እንዳይንቀሳቀስ፣ ሴትዮዋ እንዳለች እንድትቆይ፣ እንፋሎቱ ብቻ በቀስታ እንዲነሣ አዘዝሁ፤ አራት ሰከንድም ብቻ ጠየቅሁ። ይህ በጣም መልካም ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ሲኒዎቹ ከሞሉ በኋላ በዚያው ቦታ የተነሣ ሌላ ፎቶግራፍ ስለነበረ እርሱን የመድረሻ ሥዕል አድርጌ ሰጠሁ፤ በዚህም አቀዳዱ ተስተካከለ።

ከዚህና ከታሪኩ የሚከተለውን ማለት ይቻላል። አንደኛ፣ የሚመረጠው ሥዕል እጅና እግሩ ያልተሸፈነ፣ የፊቱና የኋላው ነገር በግልጽ የተለየ ይሁን፤ መሣሪያው ያላየውን ሁሉ ይፈጥራልና። ሁለተኛ፣ የካሜራው ጉዞና የሰውየው እንቅስቃሴ ተለይተው ይታዘዙ፤ ካሜራው ብቻ መሄዱ በቂ ከሆነ የ1957ቱ መንገድ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ይጠየቅ። አራተኛ፣ ረዥሙ ቪዲዮ ከአጫጭር ክፍሎች ይቀጣጠል፤ የአንዱ መጨረሻ ለሚቀጥለው መነሻ ይሁን፤ ቀለምና ፊት ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይለወጥም ከመጀመሪያው ሥዕል ጋር ይመሳከር። አምስተኛ፣ የፍጥነቱ ነገር አይዘንጋ፤ «በቀስታ ይነሣና በቀስታ ይቁም» ማለት በወረቀት ዳር የነበረችውን መስመር መተካት ነው።

ሰ. የታሪክ ተማሪ ጉዳይ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማማር ነው። ማማርና እውነት ግን አንድ አይደሉም። ከቡናው ሙከራ ቀጥሎ የአያቴን አባት የሚያሳይ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አንቀሳቅሼ ለአያቴ አሳየኋቸው። እንደ ሥራ እንከን አልነበረበትም፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን አርገበገቡ፣ ወደ እኛ ዞር አሉ፣ ፈገግም አሉ። አያቴ ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያ «አባባ እንዲህ አይስቁም ነበር፤ ይህ የእሳቸውን መልክ የለበሰ ሌላ ሰው ነው» አሉኝ።

በትክክል የተናገሩ ይመስለኛል። ፈገግታው ከሌሎች ሰዎች ፊት የተማረ ነው፤ እንደ ሞና ሊዛ ሦስት ጠባይ ማለት ነው። አያቴ አባታቸውን ስለሚያውቁ ስሕተቱን ለዩት። እሳቸው ሲያልፉ ግን የሚለየው ሰው አይኖርም፤ ቪዲዮው ብቻ ይቀራል፤ የልጅ ልጅ ልጅም ቅድመ አያቱ እንዲያ ይስቁ እንደ ነበር ያምናል። የጽሑፍ ማስረጃው ጥቂት በሆነበት ቦታ አሮጌ ፎቶግራፍ ከዋና ዋናዎቹ ምንጮቻችን አንዱ ስለሆነ አደጋው ቀላል አይደለም።

በውጭው ዓለም ይህን ለመከላከል የተጀመረ ሥራ አለ። በ2021 ዓ.ም. አዶቤ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢቢሲና ሌሎችም ተባብረው ሲ2ፒኤ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዓላማውም አንድ ሥዕል ወይም ቪዲዮ ከየት እንደ መጣና ምን እንደ ተደረገበት የሚመሰክር መረጃ ከፋይሉ ጋር እንዲሄድ ማድረግ ነው። እኛ ግን የሌላውን ሳንጠብቅ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። የቆመው ፎቶግራፍ ሳይነካ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከእርሱ በተሠራው ቪዲዮ ላይ «እንቅስቃሴው የኮምፒዩተር ግምት ነው» ተብሎ በራሱ በምስሉ ላይ ይጻፍ፤ የታዘዘው ትእዛዝና ቀኑም አብሮ ይመዝገብ።

ማጠቃለያ

ማይብሪጅ ፎቶግራፎቹን ማስረጃ፣ የተቀቡትን ፈረሶች ደግሞ ማሳያ አድርጎ ለየብቻ አቆይቷቸዋል፤ ስለዚህ ዛሬም ሁለቱን ለይተን ማየት እንችላለን። የዘመናችን መሣሪያ ሁለቱን በአንድ ፋይል ያዋሕዳል፤ ከባዱ ነገር ይህ ነው። መካከሉን የሚሞላልን ኀይል ከዓይን ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ስሌት፣ ከስሌት ወደ ግምት ሲዛወር ሥራው ቀለለ፤ የሠሪው ኀላፊነት ግን አልቀነሰም። ጫፎቹን አጥብቆ የሚይዝ ሠሪ የተሻለ ቪዲዮ ያገኛል፤ መካከሉ ግምት መሆኑን የሚጽፍ ደግሞ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ ሳይዋሽ ያልፋል።